ስሙን የማልነግራችሁ ሱቅ

ስለ አንድ ሱቅ አስተያየት ሲጻፍ መጀመሪያ የሚመጣው ስም ነው። ቀጥሎ አድራሻ። እኔ ሁለቱንም አልጽፍም። ድሬዳዋ ነው፤ ታይዋን የሚባለው ገበያ ውስጥ ነው፤ በሩ ላይ የስልክ ከቨር ተንጠልጥሏል፣ ውስጡ የአረብ ሽቶ ይሸታል። ታይዋንን የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ይስቃል። እንዲህ ያለ ሱቅ እዚያ በየሦስት እርምጃው አለ። እኔም እሱን ፈልጌ ነው። ከዚህ በላይ ከነገርኳችሁ ልጁን አሳልፌ ሰጠሁት ማለት ነው።

ልጁ ከቨር ይሸጣል። ቻርጀር ይሸጣል። ስክሪን ይቀይራል። ከዚያ ደግሞ ክሪፕቶ፣ በኢንተርኔት ከሰው ወደ ሰው የሚላከውን ዲጂታል ገንዘብ፣ ይገዛል፣ ይሸጣል። የምጽፈው ስለ መጨረሻው ነው። ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቼዋለሁ። ከቀነስኳቸው ሁለት ኮከቦች አንዱ ግን የእሱ ጥፋት አይደለም።

እኔ ቪዲዮ ኤዲተር ነኝ። ቤቴ ሳቢያን ነው። የምሠራው ለሁለት ሰዎች ነው። አንዱ ቶሮንቶ ያለ የኛው ሰው ነው፤ የሐበሻ ሰርግ ይቀርጻል፣ እኔ እቆርጣለሁ። የሙሽሪትን አክስት ጭፈራ ስንት ሰዓት እንዳየሁ ፈጣሪ ይወቀው። ሌላው ሆላንድ ያለ ፈረንጅ ነው፤ የጉዞ ቪዲዮ ይሠራል። ሁለቱም የሚከፍሉኝ በክሪፕቶ ነው።

«ለምን በባንክ አይልኩልሽም?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ልከውልኛል እኮ። የሆላንዱ ሰውዬ አንዴ 180 ዶላር ልኮ 143 ደረሰኝ። መንገድ ላይ ያሉት ባንኮች እየቆነጠሩ ነው ያደረሱት። እስኪገባ ስምንት ቀን ፈጀ። ከዚያ ደግሞ ውል አምጪ፣ ኢንቮይስ አምጪ። ለ180 ዶላር! የቶሮንቶው ልጅ ነው በመጨረሻ «ዋሌት ክፈቺ፣ በደቂቃ ይደርስሻል» ያለኝ። ዋሌት ክሪፕቶ የሚቀመጥበት የስልክ መተግበሪያ ነው። ከፈትኩ። ደረሰኝ።

ችግሩ ዋሌት ውስጥ ያለ ዶላር ከፊራ ገበያ ሄዶ ቲማቲም አይገዛም። ወደ ብር መቀየር አለበት። የታይዋኑ ልጅ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

ስትሄዱ ሰዓት ምረጡ። ድሬ ከ6 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ከተማ አይደለችም፣ ምድጃ ናት። ሱቁ ይዘጋል፣ ልጁ በርጫ ላይ ነው። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ከሄዳችሁ ቀዝቀዝ ብሎ ታገኙታላችሁ፤ ያዳምጣችኋል። ከ10 በኋላ ከሄዳችሁ ግን መርቅኖ ነው የሚመጣው። ሒሳቡ ይፈጥናል፣ ወሬው አያልቅም። ስለ ጃፓን ይነግራችኋል፣ ስለ ናይጄሪያ ይነግራችኋል። እኔ የምወደው የከሰዓቱን ነው።

ገብታችሁ የፕላስቲክ በርጩማ ላይ ትቀመጣላችሁ። ቬንትሌተሩ አንድ ነው፣ እሱም ወደ ልጁ የዞረ ነው። ሻሂ ይመጣል። «ዛሬ ስንት ገባ?» ትላላችሁ። ስልኩን አይቶ ሬቱን፣ የዶላሩን ምንዛሪ፣ ይነግራችኋል። አትከራከሩ፤ ከአምስት ሳንቲም በላይ አይወርድም፣ አይወጣም። የሚሠራው በዩኤስዲቲ ነው። ዩኤስዲቲ ማለት አንዱ ሁልጊዜ አንድ ዶላር እንዲያክል የተሠራ ክሪፕቶ ነው፤ ቴተርም ይሉታል። ቢትኮይንም ይቀበላል፣ ግን ፊቱን ያጨማድዳል። «አቦ፣ እሱ ሻሂ እስክንጠጣ ይወርዳል» ይላል።

ከዚያ የአድራሻውን ኪውአር ያሳያችኋል። ስካን ታደርጋላችሁ። ኔትዎርኩ፣ ክሪፕቶው የሚላክበት መስመር፣ ትሮን የሚባለው መሆኑን እሱ ራሱ ስልካችሁ ላይ ጎንበስ ብሎ ያያል። ይህን ወድጄለታለሁ። በሌላ ኔትዎርክ ከተላከ ገንዘቡ ሊጠፋ ይችላል፣ እሱ ደግሞ «የራስሽ ጉዳይ» የሚል ልጅ አይደለም። የአድራሻውን የመጀመሪያና የመጨረሻ አራት አራት ፊደል ጮክ ብሎ ያነባል። ትልካላችሁ። በአንድ በሁለት ደቂቃ ይገባለታል። እሱ ደግሞ በቴሌብር ወይም በባንክ ብሩን ይልካል።

ሌላም የማደንቅለት ነገር አለ። አዲስ ሰው ዋሌት ሲከፍት 12 ቃላት ይወጣሉ። እነዚያን ቃላት የያዘ ሰው ገንዘቡን ያዘ ማለት ነው። ስልክ ከጠፋ የሚያድኑት እነሱ ብቻ ናቸው። ልጁ ወረቀትና እስክሪብቶ ይሰጥና፣ ደንበኛው ጽፎ እስኪጨርስ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ግድግዳው ላይ ያለው የ2015 ካላንደር ነው። በቃሉ ሳይዘው አልቀረም።

እንግዲህ እስከዚህ አምስት ኮከብ ነው። አሁን ወደ ተቀነሱት።

እኔ ዩኤስዲቲውን ከላክሁ በኋላ እሱ ብሩን እስኪልክ ያለችው ደቂቃ አለች። ያቺ ደቂቃ ውስጥ እኔ ምንም የለኝም። ዶላሩ ሄዷል፣ ብሩ አልመጣም፣ ወረቀት የለም። ትልልቆቹ መተግበሪያዎች ላይ ፒቱፒ፣ ማለትም ከሰው ወደ ሰው ሽያጭ፣ ሲሠራ መተግበሪያው ክሪፕቶውን መሀል ላይ ይይዘዋል፤ ሻጩ «ብሩ ደርሶኛል» ሲል ነው የሚለቀው። ታይዋን ላይ መሀል የሚይዘው የሻሂ ብርጭቆ ነው። እስካሁን አታሎኝ አያውቅም። ግን ቢያታልለኝስ? ለማን እነግራለሁ?

ይህ ጥያቄ ጥር 2017 ላይ መጣብኝ። እሱ ግን አልነበረም ያታለለኝ።

300 ዩኤስዲቲ ሸጥኩለት። ሬቱ 138 ነበር። 41,400 ብር ገባልኝ። ገንዘቡ የገባው ከእሱ አካውንት አይደለም፤ የእሱ ገደቡ ሞልቶ ስለነበር ሌላ ደንበኛው በቀጥታ ላከልኝ። እንዲህ ማድረግ የተለመደ ነው። በሦስተኛው ቀን ለእናቴ መድኃኒት ልገዛ ስል ካርዱ እምቢ አለ። ባንኬ ሄድኩ። የትኛው ባንክ እንደሆነ አልናገርም።

መስኮት ላይ የነበረችው ልጅ ጨዋ ናት። «እህቴ፣ ይሄ 41 ሺህ ከምን የመጣ ነው?» አለችኝ።

«ቁብ ነው» አልኩ።

«ሰብሳቢው ማነው?»

ዝም አልኩ። ቁቡ ጸሐፊም የለው፣ ዳኛም የለው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ላብ ያጠመቀኝ ቀን የለም፤ የድሬን ሙቀት ሳልቆጥር ነው። ነገሩ ኋላ ነው የገባኝ። ያ ብሩን የላከልኝ ሰው ቴሌግራም ላይ በሐሰት የሥራ ማስታወቂያ ሰው የሚያጭበረብር ነበር። አንዷ የተጭበረበረች ሴት ለፖሊስ አመለከተች። ከእሱ ብር የደረሰው ሁሉ ታገደ። እኔ ሁለት ሳምንት አጎንብሼ የሰው ሰርግ ቆርጬ ያገኘሁት ነው። ያንን ግን ማለት አልቻልኩም። «ክሪፕቶ ሸጬ ነው» ብል ከተጭበረበረው ወገን ወጥቼ ወደ ተከሳሹ ወገን የምሻገር መሰለኝ።

19 ቀን ታገደ። በመጨረሻ የቪዲዮ ሥራዬን ውልና የቶሮንቶውን ልጅ መልእክቶች አትሜ ይዤ ሄድኩ፤ ግማሹን እውነት ተናገርኩ፤ ተለቀቀልኝ። ልጁ በእነዚያ 19 ቀናት 10,000 ብር ያለ ወረቀት አበደረኝ። «ጥፋቱ የኔ ነው አቦ፣ ሰውየውን ማጣራት ነበረብኝ» አለኝ። በምን ያጣራዋል? መታወቂያ ልጠይቅ ቢል ደንበኛው ይሸሻል። መዝገብ ቢይዝ መዝገቡ በራሱ ላይ ማስረጃ ይሆናል። ስለዚህ አይጠይቅም፣ አይመዘግብም። እኔም ከሌባ ብር እቀበላለሁ።

አንዱ ኮከብ የተቀነሰው በዚህ ነው። የቀነስኩት ግን ከማን እንደሆነ እስካሁን ግራ ይገባኛል።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ክሪፕቶ ሕጋዊ መገበያያ እንዳልሆነ፣ የሀገሪቱ ገንዘብ ብር ብቻ እንደሆነ አስታወቀ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ደግሞ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር በክሪፕቶ ሥራ ላይ ያላችሁ ተመዝገቡ አለ። ልጁ ያኔ «ልመዝገብ ወይስ ልሸሸግ?» ብሎ ሁለት ቀን ሱቁን ዘግቶ ነበር። ከዚያ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ለቢትኮይን ማይነሮች፣ በኮምፒውተር ማሽን ቢትኮይን ለሚፈለፍሉት፣ መብራት እየሸጠ በዶላር ማስከፈል ያዘ። በ2017 መጨረሻ ነው ለአዲስ ማይነር ኃይል አንሰጥም የተባለው። እንግዲህ ቢትኮይን የሚፈለፍለው ማሽን እዚሁ ሀገር በሕግ ይሠራል። የተፈለፈለው ቢትኮይን እኔ ኪስ ሲገባ ነው ነውሩ። ማሽኑ ሕጋዊ፣ ኪሱ ሕገ ወጥ።

ሱቁ ውስጥ ስለዚህ ነገር ክርክር አይጠፋም። ከሰዓት በኋላ ሐጂ ይመጣል። ሐጂ ጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ አሁን ልጆቹ ይሠራሉ፣ እሱ ሻሂ ይጠጣል። (አዎ፣ አንተ እያልኩ ነው የማወራው። የአዲስ አበባ ሰዎች ይቅር በሉኝ፤ ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም አልደረሰንም።) ወንድሙ ሐርጌሳ ጫት ያስገባል። ሐጂ ክሪፕቶ የሚባለውን አይወድም፣ ግን ስለ ገንዘብ ከሁላችንም በላይ ያውቃል።

«ሐርጌሳ ሂጂ» አለኝ አንድ ቀን። «የሻሂ ሻጯ እንኳ በስልክ ነው የምትቀበለው። ዛድ ይባላል። ዶላር ነው፣ ስልክ ላይ ነው። ማን አስገደዳቸው? ሺሊንጉን በኬሻ ተሸክመው ሰልችቷቸው ነው።»

ዛድ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ቢትኮይንም የተነሳው በዚያው ዓመት ነው። አንዱ ሐርጌሳ ላይ የጫት ዋጋ መክፈያ ሆነ፣ ሌላው እስካሁን ታይዋን ላይ ፊት ያስጨማድዳል።

«እንግዲያ ያለ ሕግም ይሠራል ማለት ነው?» አልኩት።

«ልጄ፣ ዛድ በር አለው» አለኝ። «ገንዘብሽ ከጠፋ በሩ ላይ ሄደሽ ትጮሂያለሽ። ያንቺ ቴተር በሩ የት ነው?»

ልጁ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። የ19 ቀኑ ነገር ገና ትኩስ ነበር።

ለነገሩ የሐጂ ጥያቄ መልስ አለው፤ ግን መልሱ አያስደስትም። ዩኤስዲቲን የሚያወጣው ኩባንያ በሩ እኛ ጋ አይደለም እንጂ አለ። ከፈለገ አንድን አድራሻ ያግዳል፣ አግዶም ያውቃል። «መንግሥት የማይነካው ገንዘብ» እያሉ ቴሌግራም ላይ የሚለፍፉት ይህን አይነግሯችሁም። ሕጉ ደግሞ እኛ ሳንጠየቅ ይደርስብናል። እ.ኤ.አ. ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ የአውሮፓ ኅብረት የክሪፕቶ ሕግ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ ዋለ። የዶላር ተመሳሳይ የሚያወጣ ሁሉ ፈቃድ ይያዝ ተባለ። የዩኤስዲቲው ኩባንያ አልያዘም፤ ክሪፕቶ የሚሸጥባቸውና የሚገዛባቸው ትልልቅ መገበያያዎች ለአውሮፓ ደንበኞቻቸው ከዝርዝር አወረዱት። በ2017 መጋቢት አካባቢ የሆላንዱ ሰውዬ «ከአሁን በኋላ ዩኤስዲሲ ነው የምልክልሽ» ብሎ ጻፈልኝ። ዩኤስዲሲ ሌላ ኩባንያ የሚያወጣው ነው፤ የአውሮፓ ፈቃድ አለው። ልጁ ጋ ይዤ ስሄድ «ይሄን የሚገዛኝ የለም» ብሎ ከእያንዳንዱ ዶላር ላይ ሁለት ብር ቀነሰብኝ። ብራስልስ ላይ የጸደቀ ሕግ ታይዋን ድረስ መጥቶ ከእኔ ላይ ብር ቆረጠ። የአውሮፓው ገዢ ግን ፈቃድ ያለውና የሌለው ተለይቶለታል። እኔ የደረሰኝ ቅናሹ ብቻ ነው።

ልጁ ሲመረቅን የሚያወራውን የጃፓን ታሪክ ላውራችሁ። መጀመሪያ ስሰማው የምርቃና ወሬ መስሎኝ ነበር፤ ኋላ አጣራሁት፣ እውነት ነው። ማውንት ጎክስ የሚባል የቶኪዮ መገበያያ እ.ኤ.አ. በ2014 ሲወድቅ ወደ 850,000 የሚጠጋ ቢትኮይን ጠፋ ተባለ። ጃፓኖች ከዚያ በኋላ አልከለከሉም። ሕግ አወጡ። መገበያያ ይመዝገብ፣ የደንበኛ ገንዘብ ከኩባንያው ገንዘብ ተለይቶ ይቀመጥ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 ኅዳር ላይ ኤፍቲኤክስ የተባለው ግዙፍ መገበያያ ሲከስር የዓለም ደንበኛ ሁሉ ገንዘቡ ታንቆ ቀረ። የጃፓኑ ቅርንጫፍ ደንበኞች ግን እ.ኤ.አ. በ2023 የካቲት ላይ ማውጣት ጀመሩ። ሌሎቹ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል ጠበቁ።

«ሰማሽ?» ይላል ልጁ። «ኩባንያው ያው፣ ሌባው ያው። ልዩነቱ ሕጉ ነው። ነገ ፈቃድ ይሰጣል ቢባል ሌሊት ወረፋ የምይዘው እኔ ነኝ።»

ሐጂ ይመልስለታል። «ፈቃድ ማለት ግብር ማለት ነው። ግብሩ ሲመጣ ደግሞ ተመልሰህ ትሸሸጋለህ።»

ሐጂም አልተሳሳተም። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2022 ከክሪፕቶ ትርፍ 30 በመቶ ግብር፣ ከእያንዳንዱ ሽያጭ ደግሞ 1 በመቶ ቅድሚያ ቅነሳ ጣለች። ነጋዴው ክሪፕቶውን አልተወም። የሀገር ውስጡን መገበያያ ትቶ ወደ ውጭ ሀገሮቹ ሄደ። በሩ ተከፍቶ ደፉ በጣም ከፍ ካለ ሰው በመስኮት ይገባል።

የናይጄሪያው ደግሞ የኛኑ ይመስላል። ማዕከላዊ ባንካቸው እ.ኤ.አ. በ2021 የካቲት ባንኮች የክሪፕቶ ድርጅቶችን እንዳያስተናግዱ አዘዘ። ሰዉ ወደ ፒቱፒ ገባ፤ እንደ እኛ ከሰው ወደ ሰው። ወደ ሦስት ዓመት ቆይተው እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ እገዳውን አነሱና መመሪያ አወጡ። ያ ሁሉ ጊዜ ክሪፕቶ አልጠፋም። የጠፋው መዝገቡ ነው።

ይህን ለመረዳት ግን ናይጄሪያ መሄድ አያስፈልግም፤ ድሬ ልጅ ሆኖ ማደግ ይበቃል። አክስቴ በድሮው ባቡር ወደ ድንበር እየተመላለሰች ትነግድ ነበር። እናቴ ስትነግረን «ቀጭን ሆና ሄዳ ወፍራም ሆና ትመለሳለች» ትላለች። አምስት ቀሚስ ደራርባ ነው። አንዳንዴ ፈታሾች ያራግፏታል፣ አንዳንዴ ታልፋለች። የተከለከለ ነገር ድሬ ሳይገባ የቀረበትን ዘመን የሚያስታውስ ሰው አላገኘሁም። ብቻ ቀሚሱ በሳምንቱ ቢተረተር የገዛችው ሴትዮ ወደ ማን ትመለስ?

ከክልከላው ይልቅ የልጁን ገበያ የነካው ሌላ ነገር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ ለገበያ ለቀቀ። ከዚያ በፊት ባንክ ዶላሩን 57 ብር ሲለው ልጁ ከ100 በላይ ይገዛኝ ነበር። ሁለት እጥፍ ሊሆን ምን ቀረው? ሰው ለምን ባንክ ይሄዳል? በመጀመሪያው ቀን ባንክ 74 ገባ፤ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። ሱቁ ጭር አለ። ልጁ ለአንድ ሰሞን የምር ከቨር ሻጭ ሆነ። አንድ ቀን ብሄድ የስልክ መስታወት እያጠበ አገኘሁት። «መንግሥት አሸነፈኝ» አለኝ እየሳቀ። ማስጠንቀቂያ ሁለት ዓመት ያላደረገውን የምንዛሪ ተመን በአንድ ወር አደረገው። ልዩነቱ ኋላ ተመልሶ ተከፈተ፣ እንደ ድሮው ግን አይደለም። እኔ ተመልሼ የሄድኩት ለሬቱ ሳይሆን መንገድ ላይ የሚቆነጠረው ስላንገሸገሸኝ ነው። ባንኮች ለ180 ዶላር ልክ የሆነ መንገድ ቢያበጁልኝ ነገ ከልጁ ጋር የምጠጣው ሻሂ ብቻ ይሆናል። እሱም ያውቀዋል።

በግድ ማስለመድም እንዳለ አውቃለሁ። ኤል ሳልቫዶር እ.ኤ.አ. በ2021 መስከረም ቢትኮይንን ሕጋዊ ገንዘብ አደረገች። ነጋዴ ሁሉ ተቀበል ተባለ። የመንግሥትን ዋሌት ለሚከፍት 30 ዶላር ስጦታ ተሰጠ። ብዙው ሰው 30ዋን አውጥቶ ተጠቀመና ዋሌቱን ረሳው። እ.ኤ.አ. በ2025 ጥር፣ ከዓለም የገንዘብ ድርጅት ጋር ብድር ሲዋዋሉ፣ መቀበሉ በፈቃደኝነት ይሁን ተብሎ ሕጉ ተሻሻለ። ልጁ ይህንን ሲሰማ ያለው «30 ዶላር ለድሬ ልጅ ቢሰጥ በማግሥቱ አወዳይ ላይ ነው የሚገኘው» ነው።

የኔ ሐሳብ ምን እንደሆነ በአክስቴ ልጅ ልንገራችሁ። (የቀሚሷ አክስቴ አይደለችም፤ ሌላዋ።) በ2016 ሃምስተርና ኖትኮይን የሚባሉት የቴሌግራም ጨዋታዎች መጥተው ከተማው ሁሉ ስልኩን ሲጠቀጥቅ እሱም ጠቀጠቀ። ባጃጅ እየነዳ፣ ተሳፋሪ እየጠበቀ፣ ጠቅ ጠቅ። ያ ጣቱን ከማድከም በቀር ጉዳት አልነበረውም፤ ጥቂት ብርም አግኝቶበታል። ጉዳቱ ቀጥሎ የመጣው ነው። ያንኑ ዓለም ያወቀ መስሎት «በቀን 3 በመቶ ትርፍ» የሚል አንድ መተግበሪያ ውስጥ ገባ። መጀመሪያ 2,000 አስገብቶ ትርፉን አወጣ። ከዚያ ባጃጁን ሸጠ።

መተግበሪያው አንድ ማለዳ አልከፈት አለ። የቴሌግራም ግሩፑ ጠፋ።

ፖሊስ ጋ ሂድ አልነው። አልሄደም። «ክሪፕቶ ክልክል ነው፣ መጀመሪያ የሚታሰረው እኔ ነኝ» አለ። እናቱ ግን አንድ ነገር ጠየቀችኝ፣ እስካሁን መልስ የለኝም። «ክልክል ከሆነ ለምን ሌባውን አልያዙትም? ክልክል ካልሆነ ደግሞ ልጄ ለምን ይፈራል?» አለችኝ። የታይዋኑን ልጅም፣ ያንን ሌባ መተግበሪያም ሕጉ በአንድ ስም ነው የሚጠራቸው። ሁለቱም ክልክል ናቸው። እንግዲህ የአክስቴ ልጅ አንዱን ከሌላው በምን ይለይ? ፈቃድ ያላቸው ስም ዝርዝር ቢኖር ኖሮ ቢያንስ እኔ ከፍቼ አሳየው ነበር። «ያንተ እዚህ የለም» እለው ነበር። ይሰማኝ ነበር ወይ? ባጃጅ ለመሸጥ የቆረጠ ሰው የሚሰማ አይመስለኝም። ግን ቢያንስ የሚያሳይ ነገር እጄ ላይ ይኖር ነበር።

እኛ ከተማ ፈቃድ ምን እንደሚሠራ አይተናል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ውስጥ ሥራ ሲጀምር ከሁሉ በፊት የመጣው ድሬ ነው፤ ነሐሴ 2014። ሲም ለመግዛት በዚያ ሙቀት ተሰልፌያለሁ። ከዚያ በፊት ሌላ ሲም የሚባል ነገር አናውቅም ነበር። ኤምፔሳ ደግሞ ፈቃዱን በ2015 ግንቦት አገኘ። ኬንያ ላይ ያን ጊዜ 16 ዓመት ሆኖታል። ፈቃዱ የዘገየውን ያህል ዘገየ፤ ሲመጣ ግን ሱቅ ይዞ፣ ምልክት ለጥፎ፣ በቀን ብርሃን ነው። ኬንያዎች እ.ኤ.አ. በ2025 ለክሪፕቶም ሕግ አጽድቀዋል። ልጁ ይህን ዜና ስልኩ ላይ አሳየኝና ዝም አለ። ልጁ ዝም ሲል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ኮከብ የተቀነሰው በቬንትሌተሩ ነው። የምር። ደንበኛ በላብ ተጠምቆ ሬት መጠበቅ የለበትም፤ ለዚህ ምንም ሕግ አያስፈልገውም፣ ማዞር ብቻ ነው።

ወደ ሱቁ ለምትሄዱ፣ ማለትም ወደ እንደዚህ ያለ ሱቅ ለምትሄዱ፣ ከ19 ቀኑ የተማርኩትን ልጨምር። ብር የሚልክላችሁ ሰው አካውንትና ፊት ለፊታችሁ የተቀመጠው ሰው ስም አንድ መሆኑን እዩ። አንድ ካልሆነ ተነስታችሁ ውጡ። የገባ መልእክት አትመኑ፣ ሐሰተኛ ኤስኤምኤስ ይላካል፤ ቀሪ ሒሳባችሁን ክፈቱና እዩ። ስክሪንሾትማ ጭራሽ። መጀመሪያ 10 ዶላር ልካችሁ ሞክሩ። ልጁ በ10 ዶላር አይከፋም፤ የሚከፋ ካለ ሌላ ሱቅ ግቡ፣ በየሦስት እርምጃው አለ ብያችኋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ሄጄ ነበር። 150 ሸጥኩለት፣ በ156። ብሩ ከራሱ አካውንት ገባልኝ፤ ከ19 ቀኑ ነገር በኋላ በሌላ ሰው አያስልክልኝም። «አሁንስ ወረቀት እፈልጋለሁ፣ ባንክ ቢጠይቀኝ የማሳየው» አልኩት። ሐጂ ሻሂውን አስቀምጦ አየን። ልጁ አሰበ፣ አሰበ። ከመሳቢያው የሱቁን የሽያጭ ፓድ አወጣ፤ ካርቦን ያለው፣ ለከቨርና ለቻርጀር የሚጽፍበት። ጻፈ፣ ቀደደ፣ ሰጠኝ። ሐጂ እስኪያለቅስ ሳቀ።

ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ረሳሁት። ትናንት እህቴ ሳንቲም ስትፈልግ አገኘችው። ጮክ ብላ አነበበችው፦ «የስልክ ከቨር፣ 1 ፍሬ፣ 23,400 ብር።»

«ወርቅ ነው እንዴ?» አለችኝ።